ስልሳ ሦስት ባዶ ገጾች

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ ቆሟል፤ ከዚያ ወዲህ እጄ የጻፈው ደብዳቤና የአስቤዛ ዝርዝር ብቻ ነው። አሁን የምጽፈው አክስቴ ይህን ታሪክ ለእንግዳ ባወራች ቁጥር እየጨመረችበት ስለሄደች ነው። በእሷ አወራር ዳኛ ፊት ቆሜ ተከራክሬአለሁ። እኔ ግን ዳኛውን አይቼው አላውቅም። ሰው ፊት ቆሞ መናገርም አይሆንልኝም፤ ሱቅ ገብቼ የምፈልገውን ካጣሁ ከመጠየቅ ይልቅ ባዶ እጄን መውጣት የሚቀለኝ ሰው ነኝ። የሆነው ሁሉ የሆነው አሜሪካ አገር፣ አሌክሳንድሪያ በምትባል ከተማ ውስጥ፣ ከመነጽር መሸጫ በላይ ባለች ባለ ሁለት ክፍል ኦፊስ ነው።

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ነበር። ከአክስቴ ጋር ሲልቨር ስፕሪንግ እኖራለሁ። መጀመሪያ ሥራዬ ክሪስታል ሲቲ አንድ ሆቴል ውስጥ አልጋ ማንጠፍ ነበር። ወገቤ እምቢ ሲለኝ፣ አክስቴ በቤተ ክርስቲያን የምታውቃቸው አንድ ሰው እሳቸው ወደሚሠሩበት የጠበቃ ኦፊስ ወሰዱኝ። ጋሼ እላቸዋለሁ። አገር ቤት በአንድ ሚኒስቴር የመምሪያ ኃላፊ ነበሩ። እዚህ መጥተው ታክሲ ነዱ፤ እየነዱ ተምረው የጠበቃ ረዳት ሆኑ። ከረባት ሳያስሩ አይቻቸው አላውቅም።

ጠበቃዋ ዕድሜዋ ስልሳ ያለፈ አሜሪካዊት ናት። ነጭ ፀጉሯን ጠቅልላ እርሳስ ትሰካበታለች፤ ከዚያ እርሳሴ ጠፋ ብላ ጠረጴዛውን ታምሳለች። ሥራዋ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችን መክሰስ ነው። ይህን መጀመሪያ ስሰማ ፈራሁ። ጋሼ አስረዱኝ። በዚህ አገር ማንም ሰው የመንግሥትን መሥሪያ ቤት «ወረቀትህን አሳየኝ» ማለት የሚችልበት ሕግ አለ። መሥሪያ ቤቱ እምቢ ካለ ወይም ካጓተተ ይከሰሳል።

«እርስዎ ኃላፊ በነበሩ ጊዜ እንዲህ የሚል ሰው ቢመጣብዎትስ?» አልኳቸው።

«ወንበር ስቤ በክብር አስቀምጠው ነበር።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ዘበኛ እጠራለሁ።»

ያን ጊዜ የያዝነው ጉዳይ የአንድ ወንዝ ነበር። ፋብሪካዎች ወደ ውኃ የሚለቁትን ቆሻሻ የሚወስን አንድ መመሪያ ሲረቀቅ ጠንካራ ነበር፤ ታትሞ ሲወጣ ግን ላልቶ ተገኘ። ከወንዙ በታች የሚኖሩ ሰዎች በመካከሉ ማን ለማን ምን እንደጻፈ ማወቅ ፈለጉ። የጠየቁት ይህን ብቻ ነው። መሥሪያ ቤቱ አንድ ዓመት ሙሉ «እየፈለግን ነው» ሲል ቆየ። በመጨረሻ ዳኛው አውጡ ብሎ አዘዘና አንድ ትልቅ ሣጥን መጣ።

ሣጥን ሲመጣ የምከፍተው እኔ ነኝ። ወረቀቶቹ ሲመጡ ቁጥር የላቸውም። እኔ በየገጹ ግርጌ ቁጥር እመታለሁ፤ ማኅተሙ በተጫኑት ቁጥር ራሱ ወደሚቀጥለው ይዞራል። ከዚያ ኮፒ አድርጌ በፎልደር አስቀምጣለሁ። እንግሊዝኛ ማንበብ ያኔ ብዙም አልችልም ነበር። ወረቀቶቹን የማውቃቸው በመልካቸው ነው። ደብዳቤ ራሱ ላይ ክብ ምልክት አለው። የውስጥ ማስታወሻ ከላይ አራት አጫጭር መስመር አለው። ፋክስ ጠርዙ ላይ ጥቁር ክር መሳይ ይወርድበታል። መሥሪያ ቤቱ እንዳይነበብ ብሎ በጥቁር የሸፈነው መስመር ደግሞ አጠገቡ ሁልጊዜ አንዲት ትንሽ ምልክት አለች፤ በቅንፍ ውስጥ አንድ ፊደልና አንድ ቁጥር። የሸፈኑበት ምክንያት ናት ብለውኛል ጋሼ። ያቺን ምልክት በቅርብ የማውቀው ሰው ፊት ላይ እንዳለ ማርያም የሳመችው ምልክት ያህል አውቃታለሁ።

ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ከሌላ ጉዳይ የመጡ ወረቀቶች ነበሩ። ኮፒ ሲደረጉ ባዶ ጀርባቸው ሁሉ አብሮ ወጥቷል። እኔ ባዶውንም ቁጥር ስመታ ጋሼ አዩኝ።

«ኧረ ተይ! ባዶ ወረቀት ቁጥር አይመታም» አሉኝ። «አውጥተሽ ወደዚያ አድርጊው። ሴትዮዋ ብላለች።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ባዶውን እየለየሁ በሩ አጠገብ ወዳለው የተረፈ ወረቀት ካርቶን እጥላለሁ። ካርቶኑ ሲሞላ ግን አንጀቴ አልችል አለ። ንጹሕ፣ ነጭ፣ አንድ ፊቱ እንኳ ያልተነካ ወረቀት ነው። አንድ ቀን ጠበቃዋን በጣቴ ካርቶኑንና ቦርሳዬን አሳየኋት። ሳቀችና ውሰጂ በሚል እጇን አወዛወዘች።

የወሰድኩት ለአክስቴ ነው። አክስቴ አገር ቤት አስተማሪ ነበረች። ቅዳሜ ቅዳሜ በሕንፃችን ምድር ቤት፣ ከላውንደሪው አጠገብ ባለች ክፍል እዚህ ለተወለዱ ልጆች ፊደል ታስተምራለች። ወረቀቱን ስታይ ደስታዋ ልክ አልነበረውም።

አሁን ወደ ሣጥኑ ልመለስ። ከሣጥኑ ጋር የመጣው ደብዳቤ አንድ ሺህ አንድ መቶ አርባ ገጽ ልከናል ይላል። እኔ ቁጥሩን መትቼ ስጨርስ መጨረሻው ላይ የቆመው አንድ ሺህ ሰባ ሰባት ነው። ጠበቃዋ እንደገና አስቆጠረችኝ። ጋሼም ቆጠሩ። ያው ነው። ስልሳ ሦስት ገጽ የለም።

ሴትዮዋ እንደዚያ ሆና አይቻት አላውቅም። ወዲያና ወዲህ ትላለች፤ ለራሷ ታወራለች። ዓመት ሙሉ ያጓተታት መሥሪያ ቤት አሁን ዳኛውን ፊት ለፊት ዋሸው ማለት ነው። ወረቀቱን ደብቆ ልኬአለሁ አለ ብላ ለዳኛው አቤት ልትል ነው፤ መሥሪያ ቤቱ እንዲቀጣ ልትጠይቅ ነው። ማመልከቻው ሰኞ ፍርድ ቤቱ ከመዘጋቱ በፊት መግባት አለበት። ከማመልከቻው ጋር ደግሞ ሣጥኑን የከፈተው ሰው ቃል ያስፈልጋል።

ዓርብ ዕለት ጠረጴዛዋ አጠገብ አስቀመጡኝና ጋሼ ወረቀቱን በአማርኛ እየመለሱ አነበቡልኝ።

«ሣጥኑን የከፈትኩት እኔ ነኝ። ሌላ ሰው አልነካውም። ከውስጡ የወጣው አንድ ሺህ ሰባ ሰባት ገጽ ነው፤ ሌላ ገጽ አልነበረም። ይህ ቃል ሐሰት ሆኖ ቢገኝ በሕግ እንደምቀጣ አውቃለሁ። ይኸው ነው፤ እዚህ ጋ ሳይን አድርጊ።»

«መሐላ ነው?»

«እንደ መሐላ ነው።»

ብዕሩን አልነካሁም። እኛ ቤት መማል ክልክል ነበር፤ አባቴ ሰው ምሎ ሲያወራ ከሰማ ተነስቶ ይወጣ ነበር። ያን ጊዜ የጠረጠርኩት ነገር አልነበረም። መሐላው ብቻ ነው ያስፈራኝ።

«ጋሼ፣ እስከ ሰኞ ላስብበት።»

«ምን ታስቢበታለሽ? የንስሐ አባትሽን ልታማክሪ ነው?»

ቢሆንም ነገሩልኝ። ጠበቃዋ ሰዓቷን አየች፣ እኔን አየችኝ፤ «ሰኞ ጠዋት» አለች።

ቅዳሜ ፊደል ቤቱ ሞልቶ ነበር። እኔ ሁልጊዜ ከኋላ ተቀምጬ እርሳስ እቀርጻለሁ። አክስቴ «መ ሙ ሚ» እያለች ታስጮኻቸዋለች። አንዲት ሰባት ዓመት የምትሆን ልጅ ወረቀቷን ይዛ ወደ እኔ መጣችና በእንግሊዝኛ አንድ ነገር ጠየቀችኝ።

«አማርኛ!» አለች አክስቴ ከወዲያ።

«ይሄ... ይሄ ምንድነው?» አለች ልጅቷ። ጣቷ የወረቀቱ ጥግ ላይ ነው። «እኔ እሱንም ጻፍኩት።»

እውነቷን ነው፤ ከ«መ» ቀጥሎ አስመስላ ጽፋዋለች። በቅንፍ ውስጥ አንድ ፊደልና አንድ ቁጥር።

«እሱ የእነሱ ነው፣ ተይው» አለቻት አክስቴ።

ወረቀቱን ከልጅቷ እጅ ወሰድኩት። አጠገቧ የነበረውን ልጅ ወረቀትም ገለበጥኩ። ጥጉ ላይ አለ። ሦስተኛውም ላይ አለ። ቀድሞ ከሌላው ጉዳይ ያመጣኋቸው ላይ የለም፤ ከአዲሱ ሣጥን ያወጣኋቸው ላይ ሁሉ አለ። ምልክቷ ያለችበት ቦታ ሁሉ የተሸፈነ ነገር እንዳለ አውቃለሁ። እዚህ ግን ጥቁር የለም፤ ከላይ እስከ ታች ነጭ ነው። ገጹ በሙሉ ተሸፍኖ ነው እንጂ ባዶ ሆኖ አልነበረም። በነጭ ሸፈኑት፣ ምክንያቱን በጥግ ጻፉ፣ ቆጠሩት፣ ላኩት። እኔ ደግሞ አውጥቼ ለፊደል ሰጠሁት።

እርሳስ የምቀርጽበት ምላጭ ከእጄ ወደቀ። አክስቴ ወደ ኮሪደሩ ጎትታ አወጣችኝ።

«ምን ሆነሽ ነው? ፊትሽ አመድ መስሏል።»

ነገርኳት።

«ሰርቀሽ ነው ያመጣሽው?»

«አልሰረቅኩም፣ ፈቅዳልኛለች።»

«ታዲያ ምን ያንቀጠቅጥሻል?»

«ሰኞ ሣጥኑ ውስጥ አልነበረም ብዬ ልፈርም ነው።»

አክስቴ ወደ ውስጥ ተመልሳ አጨበጨበችና «ልጆች፣ ወረቀታችሁን እዚህ አስቀምጡ! ዛሬ ወደ ቤት የሚሄድ ወረቀት የለም!» አለች። ሁለቱ አለቀሱ።

ክፍሉ ውስጥና አክስቴ ቁም ሣጥን ውስጥ ያገኘነው ሰላሳ ስምንት ሆነ። ሌላው ባለፈው ቅዳሜ ልጆቹ ለእናትና አባት ሊያሳዩ የወሰዱት ነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አክስቴና እኔ ቤት ለቤት ዞርን። ለእኔ ከዚያ የከፋ ቅጣት አልነበረም። በር ይከፈታል፣ አክስቴ ሰላምታ ትሰጣለች፣ ከዚያ በክርኗ ጎሸም ታደርገኛለች፤ መናገር ያለብኝ እኔ ነኝ።

ታኮማ ፓርክ አንዲት እናት ፍሪጅ ላይ ለጥፋው ነበር። የመንግሥት ወረቀት ነው ስላት ቀለሟ ተለወጠ።

«የመንግሥት? እኔ ግሪን ካርድ እየጠበቅሁ፣ የመንግሥት ወረቀት እቤቴ? ውሰጂው! ማግኔቱንም ውሰጂው!»

«ማግኔቱ የራስሽ ነው» አለቻት አክስቴ።

«አልፈልገውም፣ ነክቶታል!»

በልትስቪል ደግሞ አንድ አባት በሩ ላይ ቆሞ ጭንቅላቱን አከከ። ጁስ ፈሶበት ጥሎታል። አንዱ ቤት ሰው አልነበረም። እንዲህ እያልን ሲመሽ ሃምሳ ዘጠኝ ደረሰ። አራቱ የሉም።

ለጋሼ ደወልኩ። ሁሉንም ሳልጨርስ አቋረጡኝ።

«ማን ያውቃል?»

«አክስቴ።»

«በቃ፣ በስልክ አይሆንም። ነገ ጠዋት ኪንግ ስትሪት ጣቢያ እጠብቅሻለሁ። ብቻሽን እንዳትገቢ።»

ሰኞ ከቀዩ መስመር ባቡር ወርጄ ቢጫውን ስይዝ ቦርሳዬን በሁለት እጄ ደረቴ ላይ አቅፌው ነበር። ባቡሩ ፖቶማክን ሲሻገር ወንዙን አየሁት። ሰዎቹ የከሰሱለት ወንዝ ሌላ ነው፤ ያም ሆኖ ዓይኔን አነሳሁ። ጋሼ ጣቢያው መውጫ ላይ ቆመዋል። ከረባታቸው ተጣሟል፤ ያን ጊዜ ነው እሳቸውም እንዳልተኙ ያወቅሁት።

ወደ ኦፊስ የሚወስደውን መንገድ አብረን ያዝን።

«ስሚኝ ልጄ» አሉ። «ሴትዮዋ ዓመት ሙሉ ለፍታለች። ዛሬ ይህን ካወጣሽ መሥሪያ ቤቱ ይስቅባታል። የሰጠናቸውን እንኳ መጠበቅ አይችሉም ይላል። ዳኛውም ሁለተኛ አይሰማትም።»

«ባልፈርምስ?»

«ለምን አልፈረምሽም ትላለች።»

«ብፈርምስ?»

«ብትፈርሚማ ያልቃል። መሥሪያ ቤቱ ልኬአለሁ ይላል፣ እኛ አልደረሰንም እንላለን። እንዲህ ያለ ነገር በየቀኑ አለ። ደግሞስ ምን ጠፋ? ባዶ ወረቀት!»

«ባዶ ከሆነ ለምን ምልክት አደረጉበት?»

ቆሙ። እኔም ደነገጥኩ፤ ለእሳቸው መልሼላቸው አላውቅም። አንድ አውቶቡስ አለፈ። ከረባታቸውን አስተካከሉ። ዝቅ ባለ ድምፅ «እኔንስ ታነሺኛለሽ?» አሉኝ።

መጀመሪያ አልገባኝም። ከዚያ ገባኝ። ባዶ ወረቀት ቁጥር አይመታም ያሉኝ እሳቸው ናቸው። እኔ ከዚያ ብባረር ወደ ሆቴሉ እመለሳለሁ፤ ወገቤ እስከቻለ አልጋ አነጥፋለሁ። እሳቸው በዚህ ዕድሜ ማን ይቀጥራቸዋል? እኔ የምሄድበትን እንጂ እሳቸው የሚሄዱበትን እስከዚያች ደቂቃ አስቤው አላውቅም ነበር።

«አላነሳዎትም» አልኳቸው።

ጠበቃዋ ሁሉን አሰናድታ ጠበቀችን። ማመልከቻው ተጠርዟል፤ የእኔ ቃል ከላይ ተቀምጧል፤ ብዕሩ አጠገቡ ነው። ወንበሩን በእግሯ ገፋችልኝ። አልተቀመጥኩም። ቦርሳዬን እንዳቀፍኩ ወደ ጋሼ ዞርኩ።

«ጋሼ፣ ይንገሩልኝ። ሣጥኑ ውስጥ ባዶ የመሰሉኝ ገጾች ነበሩ። ያወጣኋቸው እኔ ነኝ። ቤቴ ወሰድኳቸው። ሃምሳ ዘጠኙን ሰብስቤ አምጥቻለሁ፤ አራቱ ጠፍተዋል። ይህን ወረቀት መፈረም አልችልም በሏት።»

በሕይወቴ በአንድ ጊዜ ይህን ያህል ተናግሬ አላውቅም። ጋሼ ወደ እሷ ዞሩ። ተናገሩ። አጭር ነበር፤ ሁለት ዓረፍተ ነገር ቢሆን ነው። ከመካከሉ አንድ ቃል ያዝኩ፤ «ነርቨስ»፣ ፈርታለች ማለት ነው። ሆቴል ሳለሁ አለቃዬ በየቀኑ የምትለኝ ቃል ነው። ጠበቃዋ በአዘኔታ ፈገግ አለችልኝና ብዕሩን ወደ እኔ አስጠጋችው።

ጋሼ እኔን አያዩኝም፤ መስኮቱን ያያሉ።

«ኖ» አልኩ።

እዚያ ኦፊስ ውስጥ ኖ ብዬ አላውቅም። ጠበቃዋ ቅንድቧን አነሳች። ቦርሳዬን ከፈትኩና ወረቀቶቹን ማመልከቻው ላይ አስቀመጥኳቸው። ጥቂቱ ወደ መሬት ተንሸራተተ።

«አይ ቱክ» አልኩ። «ብላንክ ፔፐር። አይ ቱክ ሆም።» ባዶ ወረቀት ቤቴ ወሰድኩ ማለቴ ነው፤ ከዚያ በላይ እንግሊዝኛ አልመጣልኝም።

ከላይ ያለውን አነሳች። ጀርባው ላይ በቀይ ከለር «ሀ ሁ ሂ» ተጽፎበታል። ገለበጠችው። ጥጉን አየችው። ወዲያው መነጽሯን አወለቀች፤ እንደገና አደረገች። ሁለተኛውን አነሳች፣ ሦስተኛውን። ከዚያ መቁጠር ጀመረች፤ ድምፅ አውጥታ፣ አንድ በአንድ። ቆጠራው አላልቅ አለ። አንዱ ላይ ዶሮ አለ። አንዱ ላይ የአንዲት ልጅ ስም ሃያ ጊዜ ተጽፏል። መሬት የወደቁትን ጋሼ ጎንበስ ብለው ለቀሙና በዝምታ ጨመሩላት።

«ሃምሳ ዘጠኝ» አለች። «አራቱስ?»

«ሎስት» አልኩ።

«ይህ ምንድነው?» ፊደሉን ነካችው።

«አልፋቤት። ችልድረን።»

ማመልከቻውን ከሥር ስባ አወጣችው። አንድ ሳምንት ሙሉ የጻፈችው ነው። ሁለት እጇን ላዩ ላይ ዘረጋችና ዓይኗን ጨፈነች። ከዚያ ዓይኗን ሳትከፍት፣ ቃል በቃል፣ እንዲገባኝ ቀስ ብላ ጠየቀችኝ።

«ባዶ ገጽ አውጪ ያለሽ ማን ነው?»

መሬት መሬት አየሁ። «አላነሳዎትም» ብያለሁ።

«ማን ነው ያለሽ?»

ዓይኔን ከመሬት አላነሳሁም።

«እኔ ነኝ» አሉ ጋሼ። በእንግሊዝኛ ነው ያሉት፤ ግን ገባኝ። «እኔ ነኝ ያልኳት። አሁንም ስትናገር ያለችውን በትክክል አልነገርኩሽም።»

«አንተን ማን አለህ?»

ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እንደዚያ ቀጥ ብለው ሲቆሙ የመምሪያ ኃላፊው ታዩኝ።

«አንቺ» አሉ። «ባለፈው ጉዳይ። ባዶውን እንዳትቆጥሩ፣ የማኅተሙ ቀለም ያልቃል ብለሽ።»

ጠበቃዋ ዓይኗን ከፈተች። ትቆጣለች ብዬ ነበር። እርሳሱን ከፀጉሯ ነቅላ ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው፤ ፀጉሯ ትከሻዋ ላይ ተበተነ። ሰዓቷን አየች። ስልኩን አነሳች።

የደወለችው ለመሥሪያ ቤቱ ጠበቃ ነው። ጋሼ አጠገቤ ቆመው በሹክሹክታ ተረጎሙልኝ፤ በዚህ ጊዜ አንድም ቃል አልዘለሉም።

«ማመልከቻ አላስገባም። ስህተት ተፈጥሯል። በእኛ በኩል... አይደለም፣ ሠራተኛዋ አይደለችም፣ ኦፊሱ ነው... አዎ፣ ደርሰውናል። ባዶ መስለውን ለይተናቸው ነው... አዎ። ልጆች ጽፈውባቸዋል።»

ሰውየው ሳቀ። ሳቁ ከስልኩ ወጥቶ ክፍሉን ሞላው። ጠበቃዋ ስልኩን ከጆሮዋ ራቅ አድርጋ ይዛ እስኪጨርስ ጠበቀች። ፊቷ ቀልቷል። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ወደድኩ።

«ጨረስክ?» አለችው። «አሁን እኔ ልጠይቅህ። ስልሳ ሦስት ገጽ ከላይ እስከ ታች ሸፍናችኋል። ዳኛው የተሸፈነውን ሁሉ ከነምክንያቱ ዘርዝሩ ብሎ አዟል። የእነዚህ ስልሳ ሦስቱ ዝርዝር የት አለ?»

መልሱን አልጠበቀችም።

«አራቱን ደግሞ እንደገና ትልኩልኛላችሁ» አለችና ስልኩን ዘጋች።

ቃሌ እንደገና ተጻፈ። በዚህ ጊዜ ያነበበችልኝ ራሷ ናት፤ እያንዳንዱን ቃል በጣቷ እያሳየች፣ ካልገባኝ እየደገመች። ሣጥኑን የከፈትኩት እኔ ነኝ። ስልሳ ሦስት ገጽ ባዶ መስሎኝ አውጥቻለሁ። ጥጋቸው ላይ ምልክት ነበራቸው፤ ያኔ አላየሁትም። ሃምሳ ዘጠኙን መልሻለሁ፤ አራቱ ጠፍተዋል። አንድም ውሸት የለበትም፤ ግን ጥፋቴን በራሴ እጅ የሚያጸና ወረቀት ነው፤ ሰውየውም ዳኛውም ያነቡታል። ፈረምኩት። ብዕሩ ሁለት ጊዜ ተደናቀፈብኝ።

ከዚያ ማንም ምንም አላለኝም። ጋሼ ወደ ጠረጴዛቸው ሄዱ። ጠበቃዋ አንገቷን ደፍታ ትጽፋለች። መባረር እዚህ አገር እንዴት እንደሆነ አላውቅም ነበር፤ ሆቴል ቤት ካርድሽን ይቀበሉሻል፣ እዚህ ካርድ የለኝም። ሳይነገረኝ ልሂድ ብዬ ኮቴን ለበስኩ። ምሳ የምይዝበትን ሣህን ከመደርደሪያው አወረድኩና በባዶው ቦርሳዬ ከተትኩት። በሩን ስከፍት ማጠፊያው ጮኸ፤ ጠበቃዋ ቀና አለች።

«ወዴት ነው?»

በሩን በእጄ አመለከትኩ። «ሆም» አልኩ።

ለአፍታ አየችኝ። ከዚያ ጋሼን ጠራችና ይህን በትክክል፣ ሳትቀንስ ንገራት አለቻቸው። ጋሼ ሰምተው ወደ እኔ ዞሩ፤ እንደ ደብዳቤ ቃል በቃል እንዲህ አሉኝ፦

«ኮትሽን መልሰሽ ስቀዪ። ሃምሳ ዘጠኙን ገጾች ፊታቸውን ብቻ ሳይሆን ጀርባቸውንም ኮፒ አድርጊ፤ ዳኛው ሁለቱንም ነው የሚያየው ትልሻለች።»